ሜዳ ላይ የተጣልን ቀን

የሰው አባት ልጁን በስሟ ይጠራል፤ የኔ አባት በፊሽካ ነበር የሚጠራኝ። አንድ አጭር ፊሽካ «ነይ» ማለት ነው። ሁለት አጭር «ምሳ ቀርቧል» ነው። አንድ ረጅም፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ የሚነፋው፣ «ከሳሩ ላይ ውረጂ!» ነው። አብዝቼ የሰማሁት ይህን የመጨረሻውን ነው። ተማሪዎቹ «ጋሽ ፊሽካ» ይሉት ነበር፤ እሱም ወላጆቹ ያወጡለትን ስም ትቶ በዚህ «አቤት» ማለት ከጀመረ ቆይቷል።

የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ጠባቂ ነበር። ጠባቂ ስል በር ላይ ዱላ ይዞ የሚቀመጥ ሰው እንዳይመስላችሁ። ሳሩን የሚያጭደው፣ ውሃ የሚያጠጣው፣ መስመሩን በኖራ የሚያሰምረው፣ የተቀደደ የጎል መረብ የሚጠግነው እሱ ነው። እናቴ ደግሞ የቡድኖቹን ማሊያ ታጥባለች። የምንኖረው ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር፣ ድሮ የተጫዋቾች ልብስ መቀየሪያ በነበሩ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነበር።

ጣሪያችን የሰው መቀመጫ ስለነበር ከታች ሲያዩት የተገለበጠ ደረጃ ነው። በሩ አጠገብ አባቴ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ያጎነብሳል፤ መጨረሻው ጥግ የምገባ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጨዋታ ባለበት ቀን ጎል ሲገባ ሦስት ሺህ ሰው አናታችን ላይ ይዘላል፣ ፍርፋሪ ከጣሪያው ይወርዳል። እናቴ የሻይ ብርጭቆዋን በመዳፏ ከድና «ማን አገባ?» ትላለች። አንዲት ትንሽ መስኮት ነበረችን፣ አፏ ከሜዳው ጋር እኩል። በርጩማ ላይ ቆሜ ሳይ የሚታየኝ እግር ብቻ ነው። ተጫዋቾቹን በፊታቸው ሳይሆን በካልሲያቸው ነበር የምለያቸው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ግማሹን ቆሜ ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ከዚያ ቤት ወዲህ አሥራ አንድ ቤት ቀይሬአለሁ፤ ባሌ «አንቺ ሴት፣ መጋረጃ ሰቅለሽ ሳትጨርሺ ዕቃ ታስሪያለሽ» ይለኛል። እውነቱን ነው። ግን ወደ ነገሬ ልመለስ።

አባቴ መስመር ሲያሰምር ወሬ ይወዳል። አሠራሩ የራሱ ነው። ሁለት ችካል ይተክልና ሲባጎ ይወጥራል። ከዚያ ታቹ በምስማር የተበሳሳ የቀለም ጣሳ ኖራ ሞልቶ፣ ሲባጎውን ተከትሎ እየነቀነቀ ወደ ኋላ ይሄዳል። ወደ ፊት ከሄደ መስመሩን ራሱ ይረግጠዋላ። እኔ ከሳሩ ውጭ፣ በሩጫው መም ላይ አብሬው እሄዳለሁ። የዚያን ስታዲየም ታሪክ የተማርኩት እንዲህ፣ ወደ ኋላ ከሚሄድ ሰው ነው።

«መጀመሪያ ጉድጓድ ነበር» ይለኛል። «የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ሕንፃ ሲሠራ የጡቡን አፈር የቆፈሩት ከዚህ ነው። ሕንፃው አለቀ፣ ጉድጓዱ ቀረ። ውሃ አቆረ። እንቁራሪት ብቻ ይጮህበት ነበር።»

«ማን ሞላው?»

«ተማሪው ነዋ! የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ መጽሐፋቸውን አስቀምጠው በቃሬዛ አፈር አመላለሱ። ሁለት ዓመት ሙሉ። እኔ ያኔ ግምጃ ቤት ነበርኩ፤ አካፋ የማድል እኔ፣ ማታ ቆጥሬ የምረከብ እኔ። ሲያልቅ ሽማግሌው ዲን መጡና 'ሳር የሚያውቅ ሰው አለ?' አሉ። እጄን አወጣሁ።»

«ታውቅ ነበር?»

«ሳር ሳየው አውቀዋለሁ» ይልና ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል። ከዚያ ሳቁን ገታ አድርጎ፣ ዙሪያውን አይቶ፣ ሁሌ የሚላትን ይላል፤ «ይሄ ሜዳ ስንቱን አነሳ፣ ስንቱን ጣለ!»

መጣል ምን እንደሆነ አውቅ ነበር፤ በመስኮታችን ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ሜዳ ላይ የተጣለ ተጫዋች ተንከባሎ ሳሩ ላይ ይዘረጋል። ዳኛው ይነፋለታል፣ ሐኪሙ ቦርሳውን ይዞ ይሮጥለታል፣ ሲነሳ ሰው ያጨበጭብለታል። በሕይወቴ እንደዚያ መጣል ያማረኝ ነገር የለም። ሳሩ አጠገቤ ነው፣ ጠዋት ከመስኮቴ ይሸተኛል፣ ግን አንድ ጊዜ ሙሉ እግሬን አሳርፌበት አላውቅም። «ሳር ይደክመዋል» ይል ነበር አባቴ። «ይረፍ።»

ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ኳሱ ጠፋ። ዩኒቨርሲቲው ከከተማ ወጣ ብሎ አዲስ ስታዲየም ሠራ፤ ቡድኖቹ ወደዚያ ሄዱ፣ ሯጮቹም ተከተሉ። ጣሪያችን ዝም አለ። እናቴ የምታጥበው ማሊያ እያነሰ ሄዶ የድሮው አሰልጣኝ በሰፈር ሜዳ ለሚያሰለጥነው የሕፃናት ቡድን ብቻ ማጠብ ጀመረች። አባቴ ግን ባሰበት። አርብ በመጣ ቁጥር ሲባጎውን ወጥሮ ያሰምራል፤ ማንም ያልረገጠውን መስመር እንደገና ያሰምራል። መረቡን ያጠብቃል። ሳሩን ያጭዳል። እናቴ «ውሃ እየወቀጥክ ነው» ስትለው ጣሳውን ኖራ ይሞላል።

እኔ ታላቅ ጨዋታ እየመጣ መስሎኝ ነበር። ካልሆነ ለምን ይደክማል? ትምህርት ቤት ለጓደኞቼ «በቅርቡ ትልቅ ቡድን እኛ ቤት ይመጣል» ብያለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሽማግሌው ዲን ከመሞታቸው በፊት ለአባቴ አንዲት ደብዳቤ ጽፈውለት ነበር። «ሜዳው በሜዳነቱ እስካገለገለ ድረስ ጠባቂው ከነቤተሰቡ ከመቀመጫው ሥር ባሉት ክፍሎች እንዲኖር ተፈቅዷል» ትላለች። አዲሶቹ ኃላፊዎች ቦታውን ለመኪና ማቆሚያ ይፈልጉታል፤ ደብዳቤዋ ግን ማኅተም አላት። ስለዚህ ሜዳው ሜዳ መሆኑ ከቀረ እኛም ቤት የለንም። አባቴ አርብ አርብ ያሰምር የነበረው ቤታችንን ነበር። ይህን ያኔ ማንም አልነገረኝም።

አንድ ማክሰኞ፣ ጠዋት፣ አሰልጣኙ መጣ። ወፍራም፣ ሲቀመጥ የሚያቃስት፣ ለኔ ሁሌ ከረሜላ የሚያመጣ ሰው ነበር። ያን ቀን ከረሜላ አላመጣም። እኔ በጣሪያው ጥግ፣ ሰው በማይደርስብኝ ቦታ፣ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነበር፤ መኖሬን ረስተውታል።

«ሐሙስ በአራት ሰዓት ኮሚቴው ይመጣል» አለ። «መሐንዲሱም አለበት። ሜዳው ይሠራል አይሠራም ብለው ሊያረጋግጡ ነው።»

«ይምጡ» አለ አባቴ። «ሳሩ ሳር ነው፣ መስመሩ መስመር ነው። ምን ሊሉ ነው?»

«ሰበብ ነው የሚፈልጉት፣ ወንድሜ። አንዲት ቀዳዳ ካገኙ አለቀልህ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም።»

እናቴ የምታጥፈውን ማሊያ ጭኗ ላይ ጣለችው። «እኔ ቀድሞም ብያለሁ። የፈሩት ይደርሳል። ይሄን ልጅ ይዘን ሜዳ ላይ ሊጥሉን ነው!»

እርሳሴ ከእጄ ወደቀ። ሜዳ ላይ! እኛን! ከነእማዬ፣ ከነአባዬ! እናቴ ፊቷን በማሊያው ስትሸፍን አየሁና ከደስታ ብዛት መሰለኝ። አባቴ ለምን እንዳልሳቀ ግን አልገባኝም። ለሳሩ አዝኖ ይሆናል አልኩ፤ ሦስት ሰው ሲተኛበት ይደክመዋል።

ምስጢር መሆኑ ገብቶኛል፤ ስወጣ ሁሉም ዝም ብለዋልና። እኔም ምስጢር ጠባቂ ልሆን ቆረጥኩ። በማግስቱ አባቴ መረቡን ሲያስር አጠገቡ ቆሜ፣ እንደ ዋዛ፣ «አባዬ፣ ሳር ላይ ሲተኙ ይበርዳል?» አልኩት።

አባቴ ጥያቄ አይንቅም። እጁን አሳረፈና አሰበ። «ጠዋት ጤዛ አለው» አለኝ። «ከሥር ወፈር ያለ ነገር ያስፈልጋል።»

ይኸው፣ አረጋገጠልኝ! ትልቁ ብርድ ልብስ እንዲወጣ የተወሰነው ያኔ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ደረሰ። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ቤት ነኝ። አባቴ ማልዶ ላይኛውን መቀመጫ ሊጠርግ ወጥቷል፤ እናቴ ከጀርባ ባለው ቧንቧ እያጠበች ነው። እንግዶቹ ሲመጡ ዕቃ ተሸክመን ስንንደፋደፍ ባያገኙን ጥሩ ነው ብዬ አሰብኩ። ቤቱን ሠርቼ ልጠብቃቸው። ጫማዬን አወለቅኩ።

መጀመሪያ ትራሱን አወጣሁ። መም ዳር ደርሼ ቆምኩ፤ ልማድ ነው፣ ትከሻዬ ራሱ ፊሽካውን ጠበቀ። ምንም የለም። አንድ እግሬን አሳረፍኩ። ሳሩ ከጠበቅኩት በላይ ይበርዳል፣ ከጠበቅኩት በላይ ይኮረኩራል፣ በጣቶቼ መሃል ይገባል። ሁለተኛውን አሳረፍኩ። ከዚያ ሮጥኩ። ለምን እንደምሮጥ አላውቅም፣ ትራሱን አቅፌ እስከ መሃል ሜዳው ክብ ድረስ ሮጥኩና ወደቅኩ። ሆን ብዬ ነው የወደቅኩት። ተንከባለልኩ። ሰማዩ ትልቅ ነበር። እየሳቅኩ ተነሳሁና ለራሴ አጨበጨብኩ።

ከዚያ በርጩማውን፣ ማንቆርቆሪያውን፣ ሦስት ኩባያ፣ የአባቴን የክት ኮት ከነመስቀያው አመጣሁ። ብርድ ልብሱን መሬት ለመሬት ጎተትኩት፤ እግረ መንገዱን የመሃሉን መስመር አንድ ክንድ ያህል ጠረገው። ክቡ ውስጥ ዘረጋሁት። እማዬ በዚህ፣ አባዬ በዚያ፣ እኔ መሃል። ኮቱን የት እንደምሰቅለው አጣሁና የማዕዘን ባንዲራ ነቅዬ አምጥቼ መሃል ላይ ተከልኩ፤ ኮቱን እሱ ላይ ሰቀልኩት። ቤታችን አማረ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ትዳሬንም ልጆቼንም ጨምሬ ነው የምናገረው።

በአራት ሰዓት መጡ። መሐንዲሱ መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ነው፤ ደብተር የያዘች ጸሐፊ አለች፤ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሦስተኛ ሰውም አለ። አባቴ ከደረጃው ወርዶ ሊቀበላቸው ቀርቧል። እናቴ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ከኋላ መጣች። እኔ ብርድ ልብሱ ላይ እግሬን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ እንደሚገባው ተነሳሁ።

መሐንዲሱ መነጽሩን ከፍ አድርጎ የተሰቀለውን ኮት አየ። «ይሄ ሜዳ ነው ወይስ መኝታ ቤት?» አለ።

«ሜዳ ነው፣ ጌታዬ» አለ አባቴ።

«ይሄን ዕቃ ማነው ያወጣው?»

እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። የአባቴ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ፣ ከበድ ብሎ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ዕቃ ላናፍስ ብዬ ነው። አሁን አነሳዋለሁ።»

ጸሐፊዋ ሦስቱን ኩባያዎች አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ኩባያዎቹን አየች። «ልጅ የዘረጋችው ነው የሚመስለው» አለች ቀስ ብላ። «ጨዋታ ነው።»

«እሳቸው እኔ ነኝ ብለዋል። ጻፊ» አለ መሐንዲሱ። «ሜዳው በጠባቂው ቤተሰብ ለመኖሪያነት እየዋለ መሆኑን በዓይናችን አይተናል። ዕቃው እንዳይነካ፣ ፎቶ ይነሳ።»

አባቴ «ልጅ ናት» ቢል ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር። ሁለት ቃል ናት። አላላትም። እኔ ደግሞ በንዴት ጦፌያለሁ፤ የራሴን ሥራ ቀማኝ! ጠዋቱን ሙሉ ጎትቼ፣ ተሸክሜ፣ ቤት ሠርቼ፣ ምስጋናውን እሱ ወሰደው። ሁለት ቀን አኮረፍኩት። ፎቶ ሲነሳ ግን አላኮረፍኩም፤ ካሜራው እንዲያገኘኝ ወደ ፊት ራመድ ብዬ ፈገግ ብያለሁ።

ሦስት ሳምንት አልቆየንም። የተሰጠን ቀን ሲደርስ አሰልጣኙ ጋሪ ይዞ መጣ። ከተማው ማዶ፣ መስኮቷ ወደ ግድግዳ የምትከፈት አንዲት ክፍል ገባን። እኔ ዕቃው ከጋሪው ሲወርድ ግራ ቀኝ እያየሁ «ሜዳው የት አለ?» እል ነበር። አባቴ ፋብሪካ በር ላይ ጥበቃ ተቀጠረ፤ ይሄኛው ዱላ ይዞ በር ላይ መቀመጥ ነው። እናቴም ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር፣ ውሃ በጠፋ ቁጥር፣ «አንተ ነህ ቤታችንን ያስወሰድክ! ዕቃ የሚናፈስበት ቀን አጣህ!» ትለው ጀመር። ሁልጊዜ እኔ እየሰማሁ ነበር የምትለው። እሱም «ልክ ነሽ» ይላል።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ፣ በቋንቋ ክፍለ ጊዜ፣ መምህራችን ፈሊጣዊ አነጋገር አስተማረን። ሰሌዳው ላይ በኖራ ቾክ ጻፈ፤ «ሜዳ ላይ መጣል፦ ያለ መጠጊያ ማስቀረት፣ መበተን»። ዓረፍተ ነገር እንድንሠራበት አዘዘን። ልጆቹ ጻፉ። እኔ እርሳሴን አስቀመጥኩ። መምህሩ «ምነው?» ሲለኝ «አሞኛል» ብዬ ወጣሁና የትምህርት ቤቱን አጥር እየዞርኩ ሮጥኩ። እስኪደወል ድረስ መቆም አልቻልኩም።

ቤታችንን ያስወሰድኩት እኔ ነኝ። አባዬ ጥፋቴን ተሸከመልኝ፤ እማዬ ደግሞ ውሸቱን አምና ዕድሜ ልኩን ትወቅሰዋለች። እንዲህ ነበር የገባኝ። ስንት ጊዜ ልናገር ተነሳሁ መሰላችሁ! አንዴ ብቻ፣ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ፣ «አባዬ፣ ያን ቀን...» ብዬ ጀመርኩ። «የቱን ቀን?» አለኝና ስለ ጉልበቱ ሕመም ማውራት ያዘ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ፈጀውም። አንድ ቤት መሽቶ ሲነጋ የኔ መምሰል ሲጀምር፣ ከአባዬና ከእማዬ የነጠቅኩት ይመስለኛል፤ ዕቃዬን አስራለሁ።

አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ባለፈው ወር ከዩኒቨርሲቲው አንድ ወጣት መምህር ደወለልኝ። የድሮውን ስታዲየም ታሪክ እየጻፈ ነው። ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ነው፤ እኔም አልፎ አልፎ መኪናዬን አቆምበታለሁ፣ የትኛው ቦታ የጎል አፍ እንደነበር አስታውሳለሁ። «ሰነዱ ሜዳው የተዘጋው 'ለመኖሪያነት በመዋሉ' ነው ይላል» አለኝ ወጣቱ። «ምን ማለት ነው? ፎቶም አለው፤ አንዲት ልጅ ትስቃለች።» መልሼ እደውላለሁ አልኩትና ስልኩን ዘጋሁ። እዚያው በዚያው ወደ እናቴ ሄድኩ።

እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የልጅ ልጆቿን ልብስ ታጥፋለች። እኔ በክፍሉ ውስጥ እንጎራደዳለሁ።

«ተቀመጪ እንጂ፣ አዞርሽኝ» አለች።

«እማዬ፣ ያን ዕቃ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አባዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

ቆምኩ።

«ሜዳ ላይ ሊጥሉን ነው ስትዪ ሰምቼሽ ነው» አልኳት። «ሳሩ ላይ ልንኖር መስሎኝ ነበር።»

እጇ ሸሚዙ ላይ ቀረ። «ከኔ አፍ ነው የሰማሽው?» አለች። ሳቅ ጀመራትና መንገድ ላይ ተወችው። «ወይ ጉድ። ይሄንን አላውቅም ነበር። ደስ ብሎሽ ነበራ።»

«አባዬ ነገረሽ?»

«ከላይ ሲጠርግ ትራሱን ይዘሽ ስትወጪ አይቶሻል። መጥረጊያውን ተደግፎ እስከ መጨረሻው ሲያይሽ ነበር።»

«ሰዎቹ እንደሚመጡ እያወቀ?»

«እያወቀ ነዋ። እኔም ይህንኑ ጠየቅኩት። 'መውሰዱንስ ዛሬ ባይሆን ነገ ይወስዱታል። ከተወለደች ጀምሮ ውረጂ ስላት ኖርኩ፤ አንድ ቀን እንኳ ትርገጠው ብዬ ነው' አለኝ።»

ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፣ እንደ ልጅ፣ አፍንጫዬን በእጄ እየጠረግኩ። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። ደግሜ ተነሳሁ።

«ታዲያ እሱን ለምን? ይህን ሁሉ ዓመት 'አንተ ነህ፣ አንተ ነህ' ስትዪው ኖርሽ! አልሰማሁ መስሎሽ ነው?»

«እንድትሰሚ ነዋ» አለች። ሸሚዙን አጥፋ ጨረሰች፤ ከሌሎቹ ላይ አኖረችው፣ በመዳፏ ዳበስ አደረገችው። «እኔም እኮ አይቼሻለሁ። ሳሙና ልወስድ ገብቼ፣ በመስኮቷ እግርሽ ታየኝ። ጫማ የለሽም። ትሮጫለሽ፣ ትወድቂያለሽ፣ ሳቅሽ እስከ ቤት ይሰማል። መጥራት ነበረብኝ። ሳሙናዬን ይዤ ወጣሁ።»

«ስለዚህ ሁለታችሁም...»

«ሁለታችንም።»

«እና ወቀሳው ለሱ ብቻ?»

ቀና ብላ አየችኝ።

«ማንን ልውቀስ ታዲያ?» አለች። «አንቺን?»